«አጽጂው» ዓሣ ምን በልቶ ይደር?



የዛሬው ጨዋታችን ሳሎናችሁ ውስጥ ስላለ፣ ግን ብዙም ስለማይታይ ነዋሪ ነው። አኳሪየም ያላችሁ ሳልጨርሰው ትገምቱታላችሁ። ቀን ቀን ከድንጋይ ሥር ተወሽቆ የሚውለው፣ ማታ መብራት ሲጠፋ ብቅ ብሎ መስታወቱን በአፉ የሚፍቀው ያ ጠቆር ያለ ዓሣ ነው። እንግዳ መጥቶ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ሲል መልሳችን ሁሌም አንድ ነው፦ «እሱማ የጽዳት ሠራተኛው ነው።»

እኔ የምተዳደረው በማርኬቲንግ ሙያ ስለሆነ ስም ዕቃን እንዴት እንደሚሸጥ በየቀኑ አያለሁ። «አጽጂ ዓሣ» የሚለው ስም ከሰማኋቸው የመሸጫ ስሞች ሁሉ የተዋጣለት ነው። ገዢው በአንድ ዋጋ ሁለት ነገር ያገኘ ይመስለዋል፤ ዓሣውንም፣ መስታወት ከመወልወል መገላገሉንም። ችግሩ ስሙ አብሮ የሚነግረን ሌላ ነገር አለ። ይህ ዓሣ የራሱ ምግብ አያስፈልገውም፤ የሌሎቹን ትራፊ ለቃቅሞ፣ ቆሻሻውን በልቶ ያድራል ይለናል።

ይህን በማመናችን በየቤቱ ስንት ዓሣ በዓይናችን ሥር በረሃብ ያልቃል። ሞቱ ድንገተኛ ስላልሆነ አንጠረጥርም። ሳምንታት ይወስዳል፣ አንዳንዴም ወራት። አንድ ቀን ጠዋት ከፊልተሩ ጀርባ ደርቆ ሲገኝ «ዕድሜው ደርሶ ይሆናል» ብለን ሌላ እንገዛለን። ሁለተኛውም እንደዚያው ይሆናል። ስለዚህ በዚህ ወር የታችኛው ፎቅ ነዋሪዎች ምን እንደሚበሉ፣ መቼ እንደሚበሉና ምን ያህል እንደሚበቃቸው አንድ በአንድ እንይ።

በመጀመሪያ ማን እንደሆነ እንወቅ

«አጽጂ» የሚል ስም በአንድ ላይ የተለጠፈባቸው ዓሦች በእውነቱ ሁለት የተለያዩ ምድቦች ናቸው፤ አመጋገባቸውም የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል።

የመጀመሪያዎቹ አልጌ በሊታዎች ናቸው። አልጌ ማለት ትምህርት ቤት ዋቅላሚ ብለን የተማርነው፣ መስታወቱንና ድንጋዩን አረንጓዴ ወይም ቡናማ የሚያለብሰው ነገር ነው። ከነዚህ ዓሦች በሰፊው የሚታወቀው ፕሌኮ ነው። አገሩ ደቡብ አሜሪካ ሲሆን አፉ ከጭንቅላቱ ሥር እንደ መምጠጫ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ በእሱ ከድንጋይና ከእንጨት ላይ ተጣብቆ እየፋቀ ይበላል። አንጀቱ እጅግ ረጅምና የተጠማዘዘ ነው፤ እንዲህ ያለ አንጀት ያለው እንስሳ ቀኑን ሙሉ ጥቂት ጥቂት አረንጓዴ ነገር ሲበላ እንዲኖር የተፈጠረ ነው። ትንሹና ለቤት የሚመቸው ብሪስልኖዝ ፕሌኮ ሲሆን ሲያድግ ከ12 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ከእሱም የሚያንሰው ኦቶሲንክለስ ከ4 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ብቻ የሆነ፣ ስድስት ሰባት ሆኖ ካልኖረ የሚጨነቅ ገራም ዓሣ ነው።

ሁለተኛዎቹ የወለል ነዋሪዎች ናቸው። ኮሪዶራስ የሚባለው ባለጢሙ ትንሽ ዓሣ ዋናው ነው፤ እባብ የሚመስለው ኩሊ ሎችም እዚሁ ይመደባል። እነዚህ አልጌ አይበሉም። በተፈጥሮ አሸዋውን በጢማቸው እየዳሰሱ ትሎችንና ጥቃቅን ነፍሳትን ይፈልጋሉ። ኮሪዶራስን መስታወት ያጸዳልኛል ብሎ መግዛት ድመትን ሣር ታጭድልኛለች ብሎ እንደማሳደግ ነው።

ነገሩ ለእኛ አገርም እንግዳ አይደለም። በወንዞቻችንና በጣና ሐይቅ ጋራ ተብለው የሚጠሩ የዓሣ ዝርያዎች አሉ (ተራራውን ማለቴ አይደለም)፤ አንዳንዶቹ ከጣና በቀር የትም አይገኙም። አፋቸው ወደ ታች የዞረ ሲሆን ድንጋይ ላይ ተጣብቀው አልጌ ይፍቃሉ። ሳህናችን ላይ የምናውቀው ቆሮሶም ቢሆን ዋና ምግቡ በውሃው ውስጥ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን አልጌዎች ናቸው። ባለጢሙ አምባዛ ደግሞ ወለል ለወለል እየዳሰሰ ያገኘውን የሚበላ ነው። ልዩነቱ እነዚህ ሐይቅ ሙሉ ማዕድ አላቸው። የእኛው የሳሎን ነዋሪ ግን አንድ ሜትር በማይሞላ መስታወት ውስጥ ከኛ እጅ በቀር ሌላ ማዕድ የለውም።

«ትራፊ ይበቃዋል» የሚለው ሒሳብ

እስኪ ሒሳቡን አብረን እንሥራ። ላይ ላይ የሚዋኙት ዓሦች ምግባቸውን በሚገባ ከበሉ ወደ ታች የሚወርድ ነገር ይኖራል ማለት አይቻልም። ወደ ታች ብዙ ምግብ የሚወርድ ከሆነ ደግሞ ከመጠን በላይ እየመገብን ነው፤ ትርፉ ይበሰብሳል፣ ውሃውም ይበላሻል። ስለዚህ «በትራፊ ይኖራል» የሚለው አሠራር ከሁለት አንዱን ያስከትላል፦ የታችኛው ዓሣ ይራባል፣ አለዚያም ሁሉም በተበከለ ውሃ ይታመማል።

አልጌውስ? እውነት ነው፣ አዲስ ገንዳ ውስጥ ቡናማ ንጣፍ በደንብ ይወጣል፤ አንድ ፕሌኮ በጥቂት ቀናት ይጨርሰዋል። ከዚያ በኋላ መስታወቱ ጸድቶ እኛ ደስ ሲለን ለእሱ ማዕዱ ተነሣ ማለት ነው። በደንብ የጸዳ አኳሪየም ለአልጌ በሊታ ባዶ ሳህን ነው።

ሌላው አሉባልታ ዓሣው ኩስ ይበላል የሚለው ነው። አይበላም። ኩስን ከገንዳ የሚያስወጣው በእጃችን ያለው የውሃ መምጠጫ ቱቦ ብቻ ነው። አንድ ፕሌኮማ ብዙ ስለሚበላ ከሌሎቹ ይልቅ የሚያቆሽሸው እሱ ራሱ ነው።

አልጌ በዝቶ ያስቸገራቸው ሰዎችም ዓሣ ከመግዛታቸው በፊት መንስኤውን ቢያዩ ይሻላል። ገንዳው የፀሐይ ብርሃን በቀጥታ ከሚያገኝ መስኮት አጠገብ ነው? መብራቱ ከ8 ሰዓት በላይ ይበራል? ምግብ ይበዛል? እነዚህ ሳይስተካከሉ የሚገዛ ዓሣ ውጤቱን ይልሳል እንጂ መንስኤውን አያደርቅም።

ከጓዳችን ምን እንስጠው?

ደስ የሚለው ነገር፣ የአልጌ በሊታ ምግብ ግማሹ ጓዳችን ውስጥ አለ።

ዙኪኒ ቀዳሚው ነው። አንድ ጣት ያህል ውፍረት ባለው ክብ ተቆርጦ፣ በፈላ ውሃ ለአንድ ወይም ሁለት ደቂቃ ለብለብ ተደርጎ፣ ቀዝቅዞ ይሰጣል። ለብለብ ማድረጉ ሁለት ጥቅም አለው፤ ይለሰልሳል፣ ደግሞም ወደ ታች ይሰምጣል። ኪያር በጥሬውም ይበላል፤ ነገር ግን አብዛኛው ውሃ ስለሆነ እንደ መክሰስ እንጂ እንደ ምሳ አትቁጠሩት። ቆስጣና ስፒናች ለብለብ ተደርገው፣ የአተር እሸት ተቀቅሎ ቆዳው ተልጦ፣ ካሮትና ስኳር ድንች እስኪለሰልሱ በስለው ሊሰጡ ይችላሉ።

አትክልቱ እንዳይንሳፈፍ ቀላል ዘዴ አለ፤ የማይዝግ ሹካ ሰክታችሁበት ገንዳው ወለል ላይ አስተኙት። ጠዋት ሹካውንና የተረፈውን አንድ ላይ ታነሣላችሁ። ከ12 ሰዓት በላይ ባይቆይ ይመረጣል፣ ከ24 ሰዓት በላይ ግን ፈጽሞ አይደር።

ሦስት ጥንቃቄዎች አሉ። አንደኛ፣ አትክልቱን በደንብ እጠቡት፤ ለእኛ ሆድ የማይታወቅ ጥቂት ፀረ ተባይ ለትንሽ ዓሣ ብዙ ነው። ለሰላጣ እንደምናደርገው በአቼቶ ያጠባችሁት ከሆነ በንጹሕ ውሃ ደጋግማችሁ አለቅልቁት። ሁለተኛ፣ ከድስት የወጣ ጎመን አይሆንም፤ ጨው፣ ዘይትና ሽንኩርት የነካው ነገር ሁሉ ለገንዳው መርዝ ነው። ሦስተኛ፣ ልጆች በፍቅር የሚጥሉትን የዳቦና የእንጀራ ፍርፋሪ በጊዜ አስቁሙ። ውሃ ውስጥ ይሟሟል፣ ይቦካል፣ ውሃውን ያደፈርሳል።

ፕሌኮ ያላችሁ ደግሞ አንድ የማይረሳ ነገር፦ እንጨት። ብሪስልኖዝ ፕሌኮ እንጨት መፋቅ ይወዳል፤ በላዩ የሚበቅለውን ስስ ንጣፍ አብሮ ይበላል፣ እንጨቱም መሸሸጊያው ነው። በደንብ የደረቀ ጠንካራ እንጨት አፍልታችሁ፣ ለቀናት ውሃ ውስጥ ዘፍዝፋችሁ ማስገባት ትችላላችሁ። እንደ ባሕር ዛፍና ጥድ ያሉ ዘይትና ሙጫ ያላቸውን ግን አትሞክሩ።

ከሱቅ ስንገዛ

እዚህ ላይ የሙያዬን ምክር ልስጣችሁ፦ የማሸጊያው ፊት የሻጩ ነው፣ ጀርባው ግን የእናንተ ነው። ፊቱ ላይ የሚያምር ፕሌኮ ሥዕል ስላለ ብቻ ውስጡ የፕሌኮ ምግብ ነው ማለት አይደለም። አዙሩትና የይዘት ዝርዝሩን አንብቡ። ዝርዝሩ ብዙውን ጊዜ ከሚበዛው ጀምሮ ወደሚያንሰው ይወርዳል። ለአልጌ በሊታ የሚገዛ ዋፈር ከሆነ መጀመሪያ አካባቢ ስፒሩሊና፣ አልጌ ወይም አትክልት የሚሉትን ፈልጉ። ስንዴ ቀድሞ አልጌ መጨረሻ ላይ ከተጻፈ የምትገዙት ብስኩት ነው።

ስፒሩሊና የሚለው ስም የባዕድ ቢመስልም ነገሩ ለእኛ ቅርብ ነው። ቢሾፍቱ አካባቢ ያለው አረንጓዴ ሐይቅ በቀለሙ የታወቀው በዚሁ ወገን በሚመደብ ጥቃቅን ሕይወት ነው።

ለኮሪዶራስና ለሎች የሚገዛው ሌላ ነው፤ የዓሣ ወይም የሽሪምፕ ዱቄት የሚበዛበት፣ ወዲያው የሚሰምጥ ትንሽ እንክብል። ላይ የሚንሳፈፈው ቅጠል መሰል ምግብ ለእነሱ አይደርስም። በሳምንት አንድ ሁለት ቀን ብለድወርም የሚባለውን የቀዘቀዘ ቀይ እጭ ብታገኙ ለእነሱ ድግስ ነው። ለፕሌኮ ግን ሥጋ ነክ ምግብ አታብዙበት፤ አንጀቱ ለዚያ አልተሠራም።

የተከፈተ ማሸጊያ በደንብ ተከድኖ፣ ከእርጥበትና ከሙቀት ርቆ ይቀመጥ። በርካሽ ተብሎ የተገዛ ትልቅ ቆርቆሮ ለሁለትና ለሦስት ዓመት ሲከፈትና ሲዘጋ ቢኖር ጥቅሙ ይሟጠጣል። ትንሹን ግዙና ቶሎ ጨርሱት።

መቼና እንዴት?

ፕሌኮ የሌሊት ዓሣ ነው። በቀን የጣልንለትን ዋፈር ሌሎቹ ተሻምተው ሲጨርሱ እሱ ከእንጨቱ ሥር ሆኖ ያያል። መፍትሔው ሰዓቱን ማስተካከል ነው። ለምሳሌ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ የገንዳውን መብራት አጥፉ፤ ግማሽ ሰዓት ቆይታችሁ ዋፈሩን ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ጣሉለት። በጥቂት ቀናት ቦታውን ይለምደዋል።

ሽሚያው የበዛበት ገንዳ ከሆነ የላይኞቹን ቀድማችሁ በአንዱ ጫፍ መግቡ። እነሱ እዚያ ሲረባረቡ የሚሰምጠውን እንክብል በሌላው ጫፍ ጣሉ። ኮሪዶራሶች ብዙ ስለሆኑ ምግቡን አንድ ቦታ ከመቆለል ሁለት ሦስት ቦታ በትኑት፤ ደካማውም ድርሻውን ያገኛል።

የወለሉን ነገርም እዩ። ኮሪዶራስ ምግቡን የሚፈልገው በጢሙ ስለሆነ ሹል ጠጠርና የቆሸሸ ወለል ጢሙን ይጎዱታል። ለስላሳ አሸዋ ካላችሁ አፍንጫውን እስከ ዓይኑ ቀብሮ ሲፈልግ ማየት ራሱ ትርዒት ነው።

መነሻ እንዲሆናችሁ አንድ ብሪስልኖዝ ፕሌኮና ስድስት ኮሪዶራስ ላለበት ቤት የሳምንት ፕሮግራም ይኸው፦

ሰኞ፦ ለኮሪዶራስ የሚሰምጥ እንክብል፣ ማታ ለፕሌኮው ስፒሩሊና ያለበት ዋፈር።
ማክሰኞ፦ ለኮሪዶራስ እንክብል፣ ማታ ዙኪኒ።
ረቡዕ፦ እንደ ሰኞ።
ሐሙስ፦ ለኮሪዶራስ እንክብል፣ ማታ ቆስጣ ወይም የአተር እሸት።
ዓርብ፦ ለኮሪዶራስ ቀይ እጭ (እነሱ አይጾሙም)፣ ለፕሌኮው ዋፈር።
ቅዳሜ፦ ለኮሪዶራስ እንክብል፣ ማታ ኪያር ወይም ዙኪኒ።
እሑድ፦ ውሃ የሚቀየርበት ቀን። እኛ ስንበላ እነሱ ይጾማሉ።

ኦቶሲንክለስ ያላችሁ አንድ ነገር ጨምሩ፦ ትዕግሥት። ይህ ዓሣ የሚኖረው በድንጋይና በቅጠል ላይ በሚያድገው ስስ ንጣፍ ስለሆነ ገና ወር ባልሞላው ገንዳ ውስጥ አይሰነብትም። ገንዳው ጥቂት ወራት ይቆይና ያርጅ። ከኋላ ያለውን መስታወት አትፈግፍጉ፣ ለእሱ ተዉለት። ብዙዎቹ ከዱር ተይዘው ረጅም መንገድ ስለሚመጡ ከሱቅ ስትገዙ ሆዱን እዩ፤ ክብ ከሆነ ጥሩ፣ ወደ ውስጥ የገባ ከሆነ ግን ሥቃዩ ሱቅ ውስጥ ጀምሯል።

ምን ያህል ይበቃል?

ልኩን የሚነግራችሁ ዓሣው ራሱ ነው። እንክብሉ በሁለት ሰዓት ውስጥ ካለቀ መጠኑ ልክ ነው። በደቂቃዎች ከጠፋና አሁንም ወለሉን እያሰሱ ከሆነ ጥቂት ጨምሩ። ጠዋት ነጭ ጥጥ የመሰለ ሻጋታ አብቅሎ ካገኛችሁት ቀንሱ።

ለምን እንደምጨነቅ ላስረዳ። ዓሣ በስንጥቡ አሞንያ ያስወጣል፤ የበሰበሰ ምግብም አሞንያ ይሆናል። አሞንያ መርዝ ነው። ፊልተሩ ስፖንጅ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ጉዳቱ ወደሚያንሰው ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትሬቱን የምናስወጣው በየሳምንቱ ከገንዳው ውሃ ሩቡን ያህል በመቀየር ነው። ስፖንጁን በቧንቧ ውሃ አትጠቡት፤ ክሎሪኑ ባክቴሪያዎቹን ይፈጃል። ከገንዳው በቀዳችሁት ውሃ አለቅልቁት። አዲሱንም ውሃ የክሎሪን ማስወገጃ ጨምራችሁበት፣ ክሎሪን ብቻ ያለበት ከሆነም ክዳን በሌለው ባልዲ አንድ ቀን አሳድራችሁ ተጠቀሙ።

የአዲስ አበባ ነዋሪዎች ደግሞ ሌላ ምክንያት አለን። አብዛኛው የከተማችን ክፍል ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ በዚህ ከፍታ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ቆላ ላይ ካለው ያነሰ ነው። የበሰበሰ ምግብ ያንኑ ጥቂቱን ይሻማል።  ኮሪዶራስ አልፎ አልፎ ሽቅብ ተወርውሮ አየር ጎርሶ ቢመለስ አትደንግጡ፤ አየር በአንጀቱ መጠቀም የሚችል ዓሣ ነው። አሥር ጊዜ ከተመላለሰ ግን ውሃው አየር አጥሮታል፤ ምግብ አቁሙ፣ ውሃ ቀይሩ፣ ኤር ፓምፑን እዩ።

መብራት ሲጠፋና መንገድ ስንሄድ

መብራት ከጠፋ ፊልተሩም ሂተሩም ይቆማሉ። በዚህ ጊዜ ሕጉ አጭር ነው፦ መብራት ካልመጣ ምግብ የለም። ጤነኛ ጎልማሳ ዓሣ ለጥቂት ቀናት ሳይበላ ይቆያል፤ በተበከለና አየር ባጠረው ውሃ ግን አንድ ሌሊት ላያድር ይችላል። ገንዳውን በብርድ ልብስ ጠቅልሉት፤ ከላይ ግን ለአየር ክፍት ተዉለት። በየተወሰነ ጊዜ ውሃውን በጆግ እየቀዳችሁ ከፍ አድርጋችሁ መልሳችሁ ማፍሰስም አየር ያስገባል።

ለበዓል ወደ ቤተሰብ ስትሄዱ የሚያሰጋው ከረሃብ ይልቅ ደጉ የጎረቤት ልጅ ነው። ቆርቆሮውን በሙሉ ከሰጣችሁት በርኅራኄ ብዛት ይጨርሳቸዋል። የየቀኑን መጠን በትንንሽ ወረቀት ጠቅልላችሁ፣ ቀኑን ጽፋችሁበት አስቀምጡ፤ ቆርቆሮውን ደብቁት።

ረሃቡን በምን እናውቃለን?

ዓሣ አይጮኽም፣ ሰውነቱ ግን ይናገራል። ፕሌኮው መስታወት ላይ ሲለጠፍ ሆዱን ከፊት ለፊት ማየት የሚቻልበት ጥሩ አጋጣሚ ነው። ሙሉ ወይም ቀጥ ያለ ሆድ ጤና ነው፤ ወደ ውስጥ የጎደጎደ ሆድ ረሃብ ነው። ዓይኑ ወደ ውስጥ መግባት ከጀመረና ጭንቅላቱ ከሰውነቱ በላይ የገዘፈ ከመሰለ ረሃቡ ቆይቷል። ሌሊት ብቻ ይወጣ የነበረው በጠራራ ቀን ሲንከራተት ብታዩ፣ ወይም በሌላ ዓሣ ጎን ላይ እየተለጠፈ ልጋጉን ሲልስ ብታዩ፣ ምግብ እየፈለገ ነው። ይህኛው ጠባይ የቻይና አልጌ በሊታ በሚባለው ላይ ከዕድሜ ጋር ይብሳል፤ ሲያድግ አልጌውን እየተወ ጎረቤቶቹን ማሳደድ ይጀምራል። ስለዚህ ባትገዙት ይሻላል።

ሲያድግብንስ?

ሱቅ ውስጥ ጣት የምታክለው ተራ ፕሌኮ በደንብ ከበላች ከ30 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ልትደርስ ትችላለች፤ ለዚያ በመቶዎች የሚቆጠር ሊትር ውሃ ያስፈልጋል። ከመግዛታችሁ በፊት «ይሄ ሲያድግ ስንት ይሆናል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልስ ካጣችሁ ብሪስልኖዙን ምረጡ።

ቀድሞውኑ ገዝታችሁ ያደገባችሁ ሰፊ ገንዳ ላለው ሰው ስጡ። ወንዝ ወይም ሐይቅ ውስጥ ግን በፍጹም እንዳትለቁት። በሜክሲኮ ኢንፊየርኒዮ በሚባለው የግድብ ሐይቅ ይህ የፕሌኮ ወገን ገብቶ ተራብቶ፣ ቆሮሶን የመሰለ ዓሣ በማስገር ይኖሩ የነበሩትን ሰዎች መረብ ሞልቶታል። ለመኖሪያና ለመራቢያ ዳርቻውን እየቆፈረ ይንዳል፣ አጥንታሙ ቆዳው መረብ ይቀዳድዳል። የእኛ ሐይቆች ስንት ቤተሰብ እንደሚያበሉ ለሚያውቅ ሰው ከዚህ በላይ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ልጆቹ እየሰሙ ነው

ብዙዎቻችን አኳሪየም የምንገዛው ለልጆች ብለን ነው፤ ኃላፊነት እንዲማሩ። እንግዲህ ትምህርቱን ሙሉ እናድርገው። የላይኞቹን ያሸበረቁ ዓሦች መመገብ ቀላል ነው፤ እጃችንን ሲያዩ እየሮጡ ይመጣሉ። የታችኛው አይመጣም፣ አይለምንም። እሱን ማስታወስ ነው እንክብካቤ ማለት። የማታውን ዋፈር ለአንዱ ልጅ ሥራ አድርጋችሁ ስጡት፤ የሳምንቱን ፕሮግራም ጽፎ ገንዳው አጠገብ ይለጥፍ፣ እጁን ይታጠብ፣ ጠዋት ሹካውን ያንሣ፣ በሳምንት አንድ ቀን ደግሞ ሆዱን ተመልክቶ ይንገራችሁ።

ሌላም ነገር አለ። «የሚያጸዳው ትራፊ ይበቃዋል» የሚለውን አባባል ልጅ ከገንዳው አጠገብ ቆሞ ሲሰማው ስለ ዓሣ ብቻ የተነገረ አድርጎ ላይወስደው ይችላል። በየቤታችን አብስሎ፣ አቅርቦ፣ ዕቃ አጥቦ፣ መጨረሻ ላይ የተረፈውን የሚበላ ሰው አለና። ልጆች ከምንመክራቸው ይልቅ ስናደርግ የሚያዩንን ይይዛሉ። ለሚሠራው አካል የራሱን ድርሻ ቀድሞ ማስቀመጥን ከአንዲት ክብ ዙኪኒ ቢጀምሩትም ጅማሬው መልካም ነው።

ዛሬ ማታ መብራቱን ካጠፋችሁ በኋላ የእጅ ባትሪ ይዛችሁ ጎንበስ በሉና ሆዱን እዩት። እስከሚቀጥለው ወር፣ ቸር ሰንብቱ።